ቀን የማይዘው ኮምፒውተር

ለምወድሽ እታለም፣

እኔ ታናሽ እህትሽ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ ሥራዬ ተማሪና የአባዬ የኮፒ ቤት ምክትል ሹም፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ የሚከተለውን የእምነት ቃል እሰጣለሁ። ባለፈው ሰኞ፣ አባዬ ለምሳ እንደወጣ፣ የኮምፒውተሩን ሆድ በካቻቢቴ ከፍቼ አንዲት የሞተች ክብ ባትሪ አውጥቻለሁ። በምትኳም አዲስ አስገብቻለሁ። ጥፋተኛ ነኝ። የቅጣት ማቅለያዬን ወደ ኋላ አቀርባለሁ።

አሁን ወጉ ይድረስ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የክፍልሽ መስኮት ተጠገነልሽ ወይስ አሁንም በጫማ ተረከዝ እየመታሽ ነው የምትከፍቺው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን እስካሁን ምንም አላመማትም። የደብዳቤው ራስ ላይ ቀን ሳልጽፍ ነው የጀመርኩት። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ እዚህ ቤት ቀን መጻፍ የአባዬ ሥራ ሆኗል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ከሄድሽ ወዲህ የሰፈሩ ጥያቄ ሁሉ እኔ ራስ ላይ ነው የወረደው። ደግነቱ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ወረቀት አለ፤ «ሰው ሁሉ የሚጠይቀው» ብለሽ ጥያቄውንና መልሱን የጻፍሽበት። እንደ ሕግ መጽሐፍ ጣቴን እያስኬድኩ አነብላቸዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ዋይፋዬ ደከመብኝ ብሎ መጣ። ራውተሩ የት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንዳይሰረቅበት የብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል ለካ። ከሣጥኑ ያውጡት ስለው ታዲያ ከሌባ አንቺ ልትጠብቂልኝ ነው ወይ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ኮምፒውተራቸው እንዲፈጥን ብለው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች በሙሉ አጥፍተዋል። እሱስ ቀለል ብሎታል፣ እኔ ግን መግቢያው ጠፋኝ አሉኝ።

ጡረታ የወጡት ዳኛማ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ራምና ሃርድ ዲስክ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያንቺን መልስ አነብላቸዋለሁ፤ ራም ጠረጴዛ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ቁም ሣጥን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ ያለው ይጠረጋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባው ይቀራል። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ግልጽ ነው፣ ብለው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ተመልሰው ያንኑ ይጠይቁኛል። የእሳቸው ችግር ጠረጴዛው ነው ብዬ መዝገቡን ዘግቻለሁ።

የእኛው ኮምፒውተር ግን ከዳኛውም ይብሳል። ማታ ከሶኬት ሲነቀል ቀኑን ይረሳል። ጠዋት ሲበራ ወደ ድሮ ተመልሶ እኔ ያልተወለድኩበት ዓመት ላይ ይቆማል። አባዬ ቀኑን እስኪያስተካክል ድረስ ገና ስላልተወለድኩ ወለል ጥረጊ ልባል አይገባም ብዬ ተከራክሬ ነበር። ተሸነፍኩ። ቀኑ ካልተስተካከለ ደግሞ ኢንተርኔቱ አንድም ገጽ አይከፍትም። ስለዚህ አባዬ በየማለዳው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ከዚያ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም በአንድ ጣቱ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይሞላል። ሰው እስከ በሩ ቢሰለፍ ጉዳዩ አይደለም።

የወረቀትሽን የመጨረሻ መስመር ታስታውሻለሽ? ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ ባትሪው አልቋል፤ ቁጥሩ ይኸው፤ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ያንን በጻፍሽ በሦስተኛው ቀን ነው ከአባዬ ጋር የተጣላችሁት። ልሄድ ነው ስትዪው እሱ ሱቁን ለማን ጥለሽ ነው፣ ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ አለ። አንቺ የሱቁን ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ለእማዬ ስትደውዪ እሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያልተበላሸ አምፖል ሲያጠፋና ሲያበራ ይቆያል። ያ መስመርም በቅርቡ ከወረቀትሽ ላይ በመቀስ ተቆርጦ አገኘሁት። አንዱ ደንበኛ ነው ብዬ ስንቱን ጠረጠርኩ መሰለሽ።

ባትሪዋ ከሳንቲም አትበልጥም። የኮፒ ማሽን ጠጋኙ ሁለት ጊዜ እኔ ልቀይርልዎት ቢለው፣ አባዬ አይሆንም፣ የሚያመጣው ሰው አለ ብሎ መለሰው። እኔ የሽማግሌ ግትርነት መሰለኝ። ራሱ እንዳይቀይራት ደግሞ ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም ብሎ ለዓለም ያወጀ ሰው ነው። ስለዚህ ቤቱን ከጨለማ ዘመን ላወጣው ወሰንኩ። አሮጌዋን መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት አባዬ እንደ ልማዱ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ። ጣቱን አነሳ። ቀኑ ልክ ነበር።

እታለም፣ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። እኔ ሲደነቅ የማደርገውን ንግግር አዘጋጅቼ ከበሩ ጀርባ ቆሜያለሁ። እሱ ግን ስክሪኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገና እንደገና አየው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አኖራቸው፤ ሥራ እንደፈታ ሰው። ሳላስበው ንግግሬን ዋጥኩት። ምሳ ላይ ከመሬት ተነስቶ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ አለ። እማዬ የምን ቁጥር ነው ብትለው የኮፒ ነው አላት። ያን ዕለት ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ አንድም ወረቀት አልወጣም። ክፍሌ ገብቼ ካላንደር ላይ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ የሚያልቀው ቁልፉን ኪቦርዱ ላይ ባስቀመጥሽበት ቀን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩ ዳግመኛ እኔ ያልተወለድኩበት ዓመት ላይ ቆሟል። አባዬ እያፏጨ ይለቅማል። ምሳ ሰዓት የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ አየሁ። የሞተችዋ ባትሪ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ብሎኖቹም እኔ ካጠበቅኳቸው በተሻለ ጠብቀዋል። ካቻቢቴ አላውቅም ያለው ሰውዬ!

አዲሷን ያገኘኋት ዛሬ ነው። መነጽሩን ረስቶ ስለወጣ ማኅደሩ ውስጥ ልከተው ብዬ ስከፍት፣ በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቄያለሁ። «እኔ ይዤ እመጣለሁ» ይላል። የቅጣት ማቅለያዬ ይህ ነው፤ የሠራሁትን አላውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ እንደማልናፍቅሽ ታውቂያለሽ። ወንበርሽ ላይ የምቀመጠው ሌላ ወንበር ስለሌለ ነው። ቁመቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አላደረግኩትም፤ እግሬ ይንጠለጠላል። ማራገቢያው ሲንጫጫ ጎኑን መታ አድርገሽ «በቃህ» ስትዪው ዝም ይልልሽ አልነበር? እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ይባስ ይጮህብኛል። እሱም የለመደው ድምፅ አለው መሰለኝ።

ለእማዬ በመጪው ወር ዕረፍት አለኝ፣ የት እንደማሳልፈው ግን አልወሰንኩም ብለሻታል። እንግዲህ ወስኚ። አባዬ እንደሆነ ነይ አይልም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ አፉ ላይ ብሎን አጥብቋል። ስምሽን ከጠረጴዛው ላይ ጠርጎታል፣ አልዋሽሽም። ቁም ሣጥኑን ግን እኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ስትመጪ ባትሪ ይዘሽ ነይ። አንድ አለን እንዳትዪ። ያቺ አትቆጠርም…

ተያዝኩ። አባዬ «ፌንጣ!» ብሎ በቅጽል ስሜ ከጀርባዬ ሲጠራኝ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። መቼ እንደገባ አልሰማሁም። ወረቀቱን ኪቦርዱ ሥር ሸጎጥኩት፤ ግማሹ ውጭ ቀረ። ምን እየጻፍሽ ነው አለኝ። የደንበኛ ማመልከቻ ነው አልኩት። የመነጽሩ ማኅደር ፊቴ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እሱንም አየው፣ እኔንም አየኝ። ያለ መነጽር ማንበብ እንደማይችል ለራሴ እየነገርኩ ነው። ወረቀቱን ሳብ አደረገና ቀን የሌለው ማመልከቻ ሰሚ የለውም አለኝ። ብዕሩን ከወለሉ ላይ አነሳ። ጎንበስ ብሎ ራስጌው ላይ ጻፈ። ከዚያ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ላይ መለስ በዪና ቀኑን እዪው። ሰባትን እንደ ከዘራ የሚቆለምም ሰው ታውቂያለሽ።

መንገድሽ የቀና ይሁን። ክፉ አይንካሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይሥራልሽ። እኔም ቁመት ይጨመርልኝ፤ አሜን በዪ። የቀረኝ ብዙ ነበር፤ ግን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው እያለ ከበሩ ላይ እንደገና እየጠራኝ ነው፦ ፌንጣ!

እግሯ የተንጠለጠለው ታናሽ እህትሽ