ባትሪው አልቋል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለጯሂዋ ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን እያሸ ያማርራል፤ እኔ ደግሞ ሰውን ሳማርር እውላለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ርዕሰ መምህሩ በርሽ ላይ ቆሞ «ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» ማለቱን፣ አንቺም ሰልችቶሽ ልጆቹን ከሰሌዳ ብቻ ልታስገለብጪ ማሰብሽን አነበብኩ። ለእሱ መልስ አለኝ። መጀመሪያ ግን የእኔን ስሚ፤ አንጀቴ እርር ብሏል።

በመምህራን ኮሌጁ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ክፍሌን ወሰዱብኝ። ያቺን ጠረጴዛ የሞላባትን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ ለሦስት ተማሪ አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ሰጥቼ «አብሩት» የምልባትን። የሰርኪት ስሌት ተኝተውም የሚሠሩ ልጆች ሽቦውን ከባትሪው ወደ አምፖሉ ጫፍ ብቻ ያስነኩና ብርሃን ይጠብቃሉ፤ መንገዱ ዞሮ ወደ ባትሪው ካልተመለሰ እንደማይበራ አያስቡም። ከዚያ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ በመጨረሻ ሲበራላቸው ይጮሃሉ። አንቺስ የበራልሽ ቀን ወንበር ላይ ወጥተሽ አልነበር? እነዚህ እኮ ነገ ልጆች ሊያስተምሩ የሚወጡ ናቸው!

ዘንድሮ ግን ከሰሱኝ። የክፍሉ ተጠሪ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዲኑ ፊት ቆማ «‹እትዬ ለምን› አያስተምሩንም፤ እኛኑ ይጠይቁናል» አለች። «ለምን?» ማለት ስለማበዛ የወጣልኝ ቅጽል ስም እስከ ዲኑ ቢሮ መግባቱን ያኔ አወቅሁ። ዲኑስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መምህር ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም። ወይ እንደ ሰው አዳራሽ ገብተው ያስተምሩ፣ ወይ ትምህርቱን ለሌላ እንሰጠዋለን።» እሱም እኮ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው! ደሜ ፈላ።

ትናንት አዳራሽ ገባሁ። አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ ሰርኪቱን በባለቀለም ጠመኔ አሳምሬ ስዬ፣ ቀመሩን ደርድሬ ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ። በማስተማር ዘመኔ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ለአባትሽ ስነግረው «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አለኝ። እስካሁን አኩርፌዋለሁ።

የጎደለኝን ለአንቺ ልንገርሽ። ስወጣ ተጠሪዋ ልታመሰግነኝ መጣች። ከቦርሳዬ ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ አውጥቼ «እስቲ አብሪልኝ» አልኳት። ሽቦውን ከባትሪው ወደ አምፖሉ ጫፍ ብቻ አስነካች። ጠበቀች። ከዚያ በሙሉ ልብ «መምህር፣ ባትሪው አልቋል» አለችኝ። ዲኑ አጠገባችን ቆሞ ፈገግ እንዳለ ያየኛል። እኔ፣ እትዬ ለምን የምባለው ሴትዮ፣ «ይሆናል» አልኳት።

ይሆናል! ከትናንት ጀምሮ አፌን ይመረኛል። ያቺ ልጅ ነገ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ፊት ቆማ «ባትሪው አልቋል» ልትል ነው፤ እነሱም ጽፈው ሊይዙት ነው።

ስለዚህ አንቺ ክፍልሽን ዝም እንዳታሰኚ። በሩን ዝጊው፤ ርዕሰ መምህሩ ከፈለገ ደጅ ይቁም። ከእንግዲህ አያስፈልግም ስለተባለ የክፍሌን አምፖሎች፣ ሽቦዎችና ባትሪዎች በአጎትሽ እጅ ልኬልሻለሁ። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ። አንዱም አላለቀም።

ጤናና ጉልበት ይስጥሽ፤ ጩኸትም ከክፍልሽ አይጥፋ።

እናትሽ

«እትዬ ለምን» ብዬ ለመፈረም ዛሬ አፈርኩ።