ድነሽ ጠብቂኝ

ለማልናፍቅሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? ለወጉ ያህል የምጠይቅሽ እንዳይመስልሽ፤ መልሱን ለምን እንደምፈልገው ኋላ ትደርሺበታለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ እንደሚያበሽቅሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ከአልጋዬ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ክንዴን ይዘሽ ወደ ተማሪዎች የመደጋገፊያ ክበብ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን አልክድም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ወንበሮቹን ክብ አድርገሽ ደርድረሽ፣ «እዚህ የተነገረ እዚሁ ይቀራል፤ አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልሽኝ። አመንኩሽ። እንደምንተባተብ ታውቂያለሽ፤ ስሜን ለመናገር እንኳ መንገጭላዬ ይታሰራል። ያን ቀን ግን ላብ እያጠመቀኝ፣ ቃሉን በግድ እየጎተትኩ፣ መኖር እንዳስጠላኝ፣ በሕይወት ያቆየኝም የአባቴ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገርኳችሁ።

ከዚያ ክበቡ ባዘጋጀው በዓል ላይ፣ በትልቁ አዳራሽ፣ እንግዶች ፊት፣ ማይክሮፎን ጨበጥሽ። «አንዲት የምህንድስና ተማሪ ነበረች» ብለሽ ጀመርሽ። ልብስ ሰፊ አባቷን የምትወድ፣ አፏ የሚታሰርባት፣ መኖር ያስጠላት። በዚያ ግቢ አፏ የሚታሰርባት የምህንድስና ተማሪ ስንት ነበረች? ከፊት የተቀመጡት ዘወር ዘወር እያሉ አዩኝ። አንቺ አነባሽ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ስንወጣ እጅሽን ብይዝሽ «ስም አልጠራሁም እኮ! ደግሞ ታሪክሽ ስንቱን ያድናል» አልሽኝ።

እኔን ግን አላዳነኝም። ወሬው አባቴ ሱቅ ድረስ ዘለቀ፤ ቀሚስ ለማስጠበብ የመጣች ደንበኛ ናት የነገረችው። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ትቶ መጣ። እኔና አንቺ በምንተኛበት የግቢው መኝታ ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ አንቺ እያየሽ፣ «ልጄ፣ ምን አጎደልኩብሽ?» ብሎ አለቀሰ። ትምህርቴን አቋርጬ ተከተልኩት። አንቺ የክበቡ ሰብሳቢ ሆንሽ።

ዓመት ሙሉ ከአባቴ ማሽን አጠገብ ቁልፍ እየተከልኩ ቂሜን አሳደግኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ተውኩ እንጂ ቂሙን አልተውኩም። ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ክበቡ ነው። ያደረግሽውን አባላቱ ፊት እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። የግቢው የሥነ ልቦና አማካሪ ጠራችሽ፤ ሰብሳቢነቱን አስረከብሽ። በቦታሽ ማንን እንደመረጡ ታውቂያለሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ስትወጪ አየሁሽ። አልዋሽሽም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ግን አልጠገብኩም።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ደወሉልኝ። እንደተጣላን አልነገርሻቸውም ለካ! «ልጄ ክፍሏን ዘግታ ተኛች፤ አትበላም፣ አትታጠብም፤ መኖር ታከተኝ ትላለች። ካንቺ ሌላ ጓደኛ የላትም፤ ምን ይሻለኛል?» እያሉ ተንሰቀሰቁ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል አልሰሙም መሰለኝ።

በማግስቱ ክበቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ «ጋዜጣው» እያልን የምንጠራው ልጅ፣ «የድሮዋ ሰብሳቢያችን የት ጠፋች? አበደች የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አለ። ሁሉም አፍ አፌን ያዩኝ ጀመር። የዚያን ዕለት መንገጭላዬ እንኳ አልታሰረም፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምትበቃሽ። ዋጥኳት። «የሰው ጉዳይ ነው፤ ወደ ራሳችን እንመለስ» አልኩ።

ደግነት እንዳይመስልሽ። ይቅርታም አይደለም። አማካሪዋን ለእናትሽ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ሳምንት ቤት ድረስ ትመጣለች፣ በር ክፈቺላት። ብቻሽን እንዳይተዉሽ የነገርኳቸውም፣ ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ «በላች?» የምለውም እኔ ነኝ። ለምን መሰለሽ? በታመመ ሰው ላይ ቂም አይወጣማ! የምልሽ ሞልቶኛል፤ አልጋ ላይ ለወደቀ ግን አልናገርም። ተነሺ፣ ብዪ፣ ፊትሽን ታጠቢ። በእግርሽ ቆመሽ መጥተሽ ፊት ለፊቴ ስትቀመጪ ያኔ እንተያያለን። እስከዚያ የትም እንዳትሄጂብኝ።

እንቅልፍ አይንሳሽ፤ የቀመስሽው ይስማማሽ፤ ክፉ ሐሳብ በደጅሽም አይለፍ።

ያስቀየምሻት፣ አብራሽ በአንድ ክፍል የኖረች እህትሽ