ሳልሄድ የተሸኘሁበት ድግስ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለ ገብርኤል፣ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በሽኝቴ ላይ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለ ነበር፣ ይህ ደብዳቤ ጉሮሮዎ ተሽሎት እንዲያገኝዎ ጸሎቴ ነው። እኔ የተሸኘሁት ዜማ ክንዱ ደኅና ነኝ። ያለሁትም እዚሁ ዘንዘልማ፣ እናቴ ቤት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ለውትድርና ሥልጠና የተመዘገብሁት ወድጄ ነው። እርስዎ ባሉበት የተስማማነውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሼ ሐምሌ ላይ እንድሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ግንቦት ላይ ከበላይ አካል እንግዶች መጡ፤ እንግዶች ያላዩት ሽኝት ደግሞ እንደ ሽኝት አይቆጠርምና የሽኝቱን ቀን ማስቀደምዎ አልገረመኝም። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ድግሱ ከልብ አመሰግናለሁ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ ሽማግሌዎች መረቁኝ፣ ጋቢ ለብሼም ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ተነሣሁ። በጭብጨባ ያሳፈሩኝ ሚኒባስ ግን አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሾፌሩ የታዘዘው እስከዚያ ድረስ ብቻ መሆኑን በትሕትና ገልጾ አወረደኝ። ወደ ቤቴ በባጃጅ ተመለስሁ። የበጉ ሥጋ ጥሩ እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ እኔ ስሸኝ ስለ ነበር አልቀመስሁም።

2ኛ፦ በማግስቱ ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጎረቤታችን እትዬ እሌኒ አዩኝ። ከድቼ የመጣሁ መስሏቸው እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝና በሩን ዘጉ። ለማንም እንደማይናገሩ ማሉልኝ፤ ዓሣ አስጋሪ ወንድማቸው በጀልባ ሐይቁን አሻግሮ ጎርጎራ እንደሚያደርሰኝም ቃል ገቡልኝ። ገና አለመሄዴን አስረድቼ እስክጨርስ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አለፈኝ። እትዬ እሌኒ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ባዩኝ ቁጥር ግራ ቀኙን ቃኝተው ነው ሰላም የሚሉኝ።

3ኛ፦ ሰው እንዳያየኝ በባሕር ዛፉ ውስጥ ዞሬ ትምህርት ቤት እንድሄድ በሚሊሻው በባምላክ በኩል ስለ ላኩልኝ ምክር ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ሊያስቀኝ አልቻለምና። ትናንት ባምላክ ሌላ መልእክት ይዞ መጣ፦ ወሬው እንዲበርድ ከፈተናው በፊት፣ በመጪው ሳምንት ከሚሄዱት ጋር እንድሄድ፣ ትምህርቱም ስመለስ እንደሚደርስ ነገረን። እናቴ ወለተ ሚካኤል ይህን ስትሰማ የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ተቀመጠች። በትውልድ ከተማዋ ቆላ ድባ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ሲድሯት፣ ትምህርቱ በኋላ ይደርሳል ብለው ነበር ያጽናኗት። እስካሁን አልደረሰም። እሷ ግን ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሳኛለች።

ክቡር ሆይ፣ ሥልጠናውን አልፈራሁም፤ የምፈራው ይህን «ይደርሳል» የሚባል ነገር ነው። መሄድ እፈልጋለሁ፤ ጨርሼ መሄድ ነው የምፈልገው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ፈተናዬን ተፈትኜ እስክወጣ ድረስ እንዳልሄድሁ እንዲቆጥሩልኝ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ስሄድ ማንንም አላስቸግርም፤ እናቴ መናኸሪያ ድረስ ትሸኘኛለች።

እስከ ሐምሌ ተማሪዎ፣ ከሐምሌ በኋላ ወታደርዎ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ
ዜማ ክንዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ብሩክ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ፈተናው እስኪያልቅ ከቤትና ከትምህርት ቤት ሌላ የትም እንዳይሄድ፣ ከትምህርት የሚቀድም ምንም ነገር እንደሌለም አጥብቀው እንደ መከሩት አጫውቶኛል። እናቴ ምክሩን እጅግ ወድዳዋለች። ለእኔም ሊልኩልኝ ቢፈቅዱ፣ ባምላክ ቤታችንን ያውቀዋል።