የማን ምሽግ ተሰበረ?

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለደግሰው ገብረ አምላክ፣

ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ጉልበትህስ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኛ በአካል ደህና ነን፤ በአሳብ ግን አልቀናል። ደህና ነን ብዬ ልለፈው ብል ውሸት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

የሚያዝያው ደብዳቤህ ደርሶን ለእምዬ አነበብኩላት። ወይ አንተ! «ምሽጌን በቁመቴ ልክ ቆፍሬ እዚያው አድራለሁ» ተብሎ ለእናት ይጻፋል? «በቁመት ልክ የሚቆፈረውማ መቃብር ነው፤ መቃብር ደግሞ ክፍቱን ካደረ ሰው ይጠራል» ብላ እህል እምቢ አለች።

አባባ የድሮ ወታደር አይደሉ? «ምሽግ ሰው የሚቀበርበት ሳይሆን ጥይት ሲዘንብ የሚተርፍበት ነው። ከፊቱ አፈር ይቆለላል፣ ላዩ በግንድና በድንጋይ ይረበረባል» ቢሏት አልሰማ አለች። በመጨረሻ ተናደው ጓሮውን በዶማ ቆፈሩና ገብተው ቁጢጥ አሉ። «ይኸው፣ አሁን ታዪኛለሽ?» ይሏታል ከውስጥ። እኔማ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደፈን አለች። አባባ እያጉረመረሙ አፈሩን ሲመልሱ «የልጄንስ ማን ይደፍንለታል?» አለች። ወዲያው ያለችው ገባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ሳቄ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ገበያ መሐል ሬዲዮ «ምሽጉ ተሰበረ» አለ። ሰቆጣ በእልልታ ቀለጠች። እምዬ ዘንቢሏን አስቀምጣ «የማን ምሽግ?» እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። «የጠላት ነው እናቴ፣ የኛ ልጆች ሰብረው ገቡ» አሏት። «ሰብሮ የገባውስ ከራሱ ምሽግ ወጥቶ አይደል?» አለች። አባባ ዘንቢሏን አንስተው ይዘዋት ወደ ቤት ገቡ። ከምሽግ የወጣ ሰው ከጥይት የሚከልለው እንደሌለ ያውቁታላ! ከዚያ ቀን ወዲህ ለሳቸውም እህል አይወርድላቸውም፤ ደጅ ደጁን ነው የሚያዩት።

ደጉዬ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ «አለሁ» በለን፤ ሌላ ወሬ አንፈልግም። እጅህ ቆስሎ ከሆነም ጓደኛህ ይጻፍልህ።

እምዬ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። አባባ «አይዞህ፣ ጎንበስ በል» ይሉሃል። ታናሽህ ምሕረት ናፍቆቷን በእንባ ትልክልሃለች። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሐረግም እንዴት ነህ ብለውሃል።

ይህችን ወረቀት በደግሰው ፈንታ የከፈትካት ወንድማችን ሆይ፣ እሱ ማንበብ የማይችል ከሆነ ዝም አትበለን፤ እውነቱን ጻፍልን። ያንተም እናት ደጅ ደጁን እያየች ነውና መጀመሪያ ለሷ ጻፍላት።

እህትህ እታገኝ
ሰቆጣ፣ ግንቦት 16 ቀን 1992 ዓ.ም.