«ክሪክ ብቻ ይበቃሃል» ላልከው ልጄ

ልጄ፣ ያለህበት ሰላም ይሁንልህ፤ ከእኔ አፍ ግን የሚያስጥልህ የለም። አባትህን በስልክ «ለፍሬን ብለህ ጋራዥ አትሂድ፣ እቤት ሥራው፤ ክሪክ ብቻ ይበቃሃል» አልከው። እሱም አምኖህ አሮጌዋን መኪና በክሪክ ብቻ አንስቶ፣ ጎማዋን ፈታና ሥሯ ተጋደመ። እኔን መሪው ጋ ጎልቶ፣ ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት «እርገጪ! ልቀቂ!» ሲለኝ ዋለ። የፍሬን ዘይት አልቆበት ሊያመጣ ገና ከሥሯ ከመውጣቱ ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናዋ እኔን እንደያዘች ዘጭ! ጭንቅላቱ የነበረበት ሲሚንቶ ተሰንጥቋል። አባትህ ግን አቧራውን እያራገፈ «ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል» ይለኛል። ደንግጥ! የምጽፍልህም እንድትደነግጥ ነው። እባክህ፣ ሁለተኛ በስልክ መካኒክ እንዳትሆንብን። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ የአባትህን ግን ተውለት።

እናትህ