ቦዩን የደፈነው የመሠረት ድንጋይ

ሰኞ

ድንጋዩን ቦዩ አፍ ላይ ተከሉት! የጎርፍ መውረጃ ሊሠሩልን የመሠረት ድንጋይ አምጥተው ያለንን አንድ መውረጃ ደፈኑት። ምክንያቱ ጥላ ነው። በዚህ በድሬዳዋ፣ በሳቢያን ሰፈር ፀሐይ ለእንግዳ የሚሆን ጥላ ያለው ቦዩ ዳር፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ነው። ክቡርነታቸው ደግሞ ላብ አይወዱም።

ክቡርነታቸው አቶ ደምሴ ናቸው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የምክር ቤት አባል። ከንቲባ ሆነው አያውቁም፤ "ከንቲባችን" ካልተባሉ ግን ጆሯቸው አይሰማም። እኔ ሱሪ ሳልታጠቅ ስሮጥ ሊቀመንበር ነበሩ። አሁን ራሴ ተመልጧል፤ እሳቸው አሁንም ሊቀመንበር ናቸው።

እስካሁን የመረቁልን፦ ውኃ የሌለው ቦኖ፣ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ አንድ የመንገድ መብራት (ቤታቸው ፊት ለፊት)።

የልብስ ስፌት ቤቴ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ። ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፍ ከወረደ ቀጥታ እኔ ጋ ነው የሚገባው። ቤት የለኝም ማለት ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ቢሯቸው ሄድኩ። "ድንጋዩ ትንሽ ፈቀቅ ቢል..." ስል አላስጨረሱኝም።

"ልማትን ነው ፈቀቅ በል የምትለው?"

ልብስ ሰፊ ሆኜ ገብቼ ፀረ ልማት ሆኜ ወጣሁ። ራሳችን እንንቀለው ብል ጎረቤት ሁሉ ወገቡን አመመው። ስማቸው የተጻፈበትን ማን ይንካ?

ባለ ሱቋ ከድያ ብቻ ሳቀችብኝ። "አቦ አንተ! በሀራራ ሰዓት፣ ገና ሳይቅሙ ታናግራቸዋለህ? ከሰዓት በኋላ፣ ሲመረቅኑ ሂድ። ያኔ ወላሂ፣ ባሕር ብትጠይቃቸው ድሬ ድረስ ያመጡልሃል።"

ረቡዕ

ደንገጎ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ያ ድንጋይ ሲቀር።

አንድ እስር ጫት ይዤ በርጫቸው ላይ ገባሁ። ትራስ ተደግፈው፣ ዓይናቸው በርቶ፣ ለድሬ ወደብ እየሠሩላት ነበር።

"ከንቲባችን፣ ያ ድንጋይ አሳፈረኝ። የእርስዎ ስም በሲሚንቶ? እብነ በረድ ሲያንስዎት ነው! እሱም አስፋልቱ ዳር፣ አላፊ አግዳሚ በሚያየው።"

እንባቸው ቀረር አለ። "አየህ ታደሰ፣ እኔን የሚረዳኝ ሰው አጥቼ እኮ ነው። አሁኑኑ ይነሳ!"

ምርቃናው ሳይወርድ ለከድያ ደውዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደገንኩ። ራሳቸው አዘዙ። ሰፈር ስደርስ ትናንት ወገቡን ያመመው ሁሉ መዶሻ ይዞ "ትዕዛዝ ነው!" እያለ ይቀጠቅጣል።

ሐሙስ

በጠዋት መጡ። ሀራራ ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

"ማነው ስሜን ያፈረሰው?"

"እርስዎ ነዎታ፣ ከንቲባችን። በስልክ፣" አለች ከድያ፣ ፈገግ ሳትል።

የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጎርፉ እያጓራ ደረሰ። ለካ ሌሊቱን ደንገጎ ላይ ሲያወርደው አድሯል። ቡናማ ውኃ፣ ፕላስቲክ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ። ቦዩን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ደጄን ታክኮ አለፈ። አለፈ!

እሳቸው ውኃውን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። "ይህን አስቀድሜ አይቼ ነው ያስነሳሁት።"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ግድግዳዬ ቆሟል እኮ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ለእብነ በረዱ ምርቃት በነዋሪው ስም ምስጋና እንዳቀርብ አዘዙኝ። "አጭር ይሁን። ሥራዬን ግን አንድ ሳታስቀር ጥራ።"

ማታ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ከዚያ ተቀምጬ ንግግሩን መለማመድ ጀመርኩ፦ "ባለ ራዕዩ ከንቲባችን..." ሳቄ መጣ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና መጣ። ሰው ፊትም እንዲህ ካደረገኝ ጉዴ ፈላ።