ዘይት የምትወልደው መኪናህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ አፍሬ ነው። ሰፈራችን ሲቀላ ውስጥ ወሬ አያድርም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ይድረስህ። ይህን ዓምዴን የምታነቡ ወዳጆቼም ሳቁ፣ ግዴለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

መኪናህ ዘይት ትወልዳለች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ካረፍክ ወዲህ አሮጊቷን ፒካፕ የምነዳት እኔ ነኝ። እማዬን በየአሥራ አምስት ቀኑ ኦቾሎ፣ እህቷ ዘንድ አደርሳታለሁ። አንተ ስታደርግ ካየሁት አንዱን ብቻ አልተውኩም፤ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዝዤ አያለሁ። ታዲያ ዘይቱ መቀነሱ ቀርቶ ከሳምንት ሳምንት ከፍ፣ ከፍ እያለ መጣ። ቀለሙም ነጣ አለ። እኔ ሞኟ "ጸዳ" አልኩ! እማዬ አይታ "የአባትሽ በረከት ነው" አለችና ለጎረቤት፣ ለጸሎት ጓደኞቿ፣ ለሙዝ ነጋዴዋ ሳይቀር አዳረሰችው። አንዷማ በረከቱ እንዲጋባበት የልጇን ባጃጅ ከጎኗ እናቁም ብላ ለመነችን።

ባለፈው ቅዳሜ የኦቾሎን ዳገት ልንጨርስ ስንል ነጭ ጭስ ለቀቀች፤ ጋለች፤ ቆመች። አስጎትተን አወረድናት።

የድሮ መካኒክህ ታሪኩ የዘይቱን ክዳን ሲፈታ ከሥሩ ሻይ በወተት የመሰለ አረፋ ተለጥፎበታል። የበረከቱን ነገር ስነግረው መሬት ቁጭ ብሎ ሳቀ። "እህቴ፣ ዘይት ይቀንሳል እንጂ አይወልድም!" ከዚያ ብረት አግሎ ከዘይቱ ጠብ አደረገበት። "ንጹሕ ዘይት ዝም ብሎ ይጨሳል፤ የአንቺ መኪና ዘይት ግን ስሚው" አለኝ፤ ተንጣጣ። "ውኃ ነው የሚጮኸው።" ሞተሩን ከላይ የሚዘጋው የቴስታታው ማሸጊያ ተበልቶ የራዲያተሩ ውኃ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ከርሟል። "ራዲያተሩ ሲጎድል፣ መሬት ላይም ጠብታ ሳታዪ፣ ውኃው የት ገባ አላልሽም?" ሲለኝ ክው አልኩ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ እዚሁ ዓምዴ ላይ አሳትሜዋለሁ።

ሕመሙ ሳይጠናብህ በፊት፣ ያን ክረምት፣ ኮፈኑን ከፍተህ ስትጠራኝ ትዝ ይልሃል? "ውኃው መሬት ላይ ካልታየ ዘይቱ ጋ ነው፤ ነይ እስቲ ልጄ፣ አብረን እንየው" ትለኝ ነበር። እኔ ስልኬን እየነካካሁ "አንተ ካየኸው ይበቃል፣ አባዬ።" ይባስ ብዬ ጻፍኩብህ። አባቴ ሁለተኛ ሚስት አለችው፤ ከሁላችንም በላይ ውኃ ትጠጣለች፤ እሱም ጠዋት ጠዋት የት እንዳደረሰችው ይመረምራታል አልኩ። አገር ሳቀ። ሲቀላ ላይ "ባለ ሁለት ሚስቱ!" እያሉ ሲጠሩህ አንተም አብረህ ሳቅህ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድም ጊዜ ወደ ኮፈኑ ጠርተኸኝ አታውቅም። ይህን ልብ ያልኩት ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው፣ የታሪኩ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ።

ዳገት አልወጣባትም ስትል "አቀማጠላት" አልንህ። ብቻህን ውኃ ትጨምራለህ፣ ብቻህን ዘይቱን በሁለት ጣትህ እያሸህ ታያለህ። ቀጥሎ ሕመሙ ጠናብህ፤ ስለ መኪናም የሚያወራ ጠፋ። ምን ነበረበት አንድ ጠዋት ከጎንህ ብቆም? አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር እኮ።

በረከቱ ውኃ መሆኑን ለእማዬ ትናንት ነገርኳት። ሹራቧን አስተካከለች። በኋላ "እሱ ቢኖር ሰው አያስቅብሽም ነበር" አለችኝ። እኔ ግን በአንተ አስቄብሃለሁ፣ አባዬ። ይቅር በለኝ።

ሐሙስ ታሪኩ ሞተሩን ይከፍታል። ውኃ የገባበት ዘይት ብረቱን አያለሰልስም፤ የውስጡ ብረት ተፋትጎ ተበልቶ ከሆነ አበቃላት፣ ለቁርጥራጭ ነው የምትሸጠው። ካልተበላ ማሸጊያዋ ተቀይሮ ትነሳለች። እማዬ የአንተ ድምፅ የቀረላት በዚያች ሞተር ውስጥ ነው ብላ ታምናለች፤ እኔም አፌን ሞልቼ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

በጠዋት እሄዳለሁ። ስልኬን ቤት ትቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ክዳኑ ሲነሳ አጠገቡ እቆማለሁ። አንተ ልታሳየኝ የፈለግኸውን ዘግይቼም ቢሆን በገዛ ዓይኔ አየዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ያንን አልረሳም። ትዳንም አትዳንም፣ የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሃለሁ፤ በዚህኛው አልቀልድም።

ልጅህ